የፀጉር ኬራቲን ተጓዳኝ ፕሮቲን፦ ከብልቃጥ እስከ ጄል ሳይጓጉል የሚደርስበት መንገድ

ይህ ጽሑፍ በባክቴሪያ ወይም በሌላ ዘዴ የተመረተ የሰው ፀጉር ኬራቲን ተጓዳኝ ፕሮቲን ገዝታችሁ ላብራቶሪ ውስጥ ልትሠሩበት ለተዘጋጃችሁ ነው። ስሙ ስለሚረዝም ኬኤፒ እንበለው። በዚህ ፕሮቲን ያልተማረረ ሰው ጥቂት ነው። ዱቄቱ ዛሬ ይሟሟል፣ በማግሥቱ ነጭ ጉጉል ሆኖ ይገኛል። ጄል (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለይ ዝልግልግ ንጣፍ) ላይ አንድ ጥርት ያለ መስመር ሲጠበቅ ከላይ እስከ ታች የተንዠረገገ ጭረት ይወጣል። መጠኑ በአንዱ ዘዴ ሲለካ ሌላ፣ በሌላው ሲለካ ሌላ። ከዚያ "የተበላሸ ዕቃ ላኩብን" ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ፕሮቲኑ የሚበላሸው ገዢው እጅ ከገባ በኋላ ነው።

ምክንያቱ አንድ ነው፤ ሲስቴይን። ኬኤፒዎች በዚህ ድኝ ባለው አሚኖ አሲድ የተሞሉ ናቸው። ፀጉር ውስጥ ሥራቸው የኬራቲን ክሮችን በዳይሰልፋይድ ድልድይ (በሁለት ድኞች መካከል በሚፈጠር ትስስር) ማያያዝ ነው። ብልቃጥ ውስጥም ያንኑ ነው የሚሠሩት፤ የሚያያይዙት ኬራቲን ሲያጡ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከዚህ በታች ያለው ትእዛዝ ሁሉ ይህ መያያዝ ያለጊዜው እንዳይመጣ ለመከላከል ነው። ድልድዩን የሚፈቱትን ኬሚካሎች፣ ማለትም ዲቲቲን፣ ቲሴፕንና ቤታ-መርካፕቶኢታኖልን፣ በአንድ ላይ "ፈቺ" እላቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ከማዘዛችሁ በፊት

1. የትኛው ዓይነት እንደሆነ እወቁ። ኬኤፒዎች ሦስት ወገን ናቸው። አንዱ ድኝ የበዛበት ነው። ሁለተኛው እጅግ የበዛበት ሲሆን ከአሚኖ አሲዶቹ ከ30 በመቶ በላይ ሲስቴይን ነው። ሦስተኛው ግላይሲንና ታይሮሲን የበዛበት ነው። ይህ መመሪያ በዋናነት ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። ሦስተኛውም ይጓጉላል፣ ግን እሱ ላይ ጥፋተኛው ድኝ ብቻ ስላልሆነ ፈቺ መጨመር ብቻውን ላያድነው ይችላል።

2. ትክክለኛውን አባል እዘዙ። ቤተሰቡ ውስጥ መንትያ የሚመስሉ አሉ። ለምሳሌ ኬኤፒ 3-1፣ 3-2 እና 3-3 ሦስቱም 98 አሚኖ አሲድ ናቸው። በጄል አትለዩአቸውም። ፀረ እንግዳ አካልም አንዱን ከሌላው ላይለይ ይችላል። ካታሎጉ ላይ ያለውን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል አውርዳችሁ ከምትፈልጉት ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

3. ጅራቱን ተመልከቱ። እነዚህ ፕሮቲኖች ብዙውን ጊዜ የሚሸጡት ለማጥሪያ የሚረዳ ተቀጥላ (ታግ) ይዘው ነው። ሂስ ታግ ከሆነ ወደ 1 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) ብቻ ይጨምራል። ጂኤስቲ የሚባለው ራሱን የቻለ ፕሮቲን ከሆነ ግን 26 ኪሎዳልተን ገደማ ነው። 98 አሚኖ አሲድ ያለው ኬኤፒ ራሱ ወደ 10 ኪሎዳልተን ነውና፣ ጂኤስቲ የተቀጠለበትን ገዝታችሁ "ኬኤፒ እንዲህ አደረገ" ብትሉ አብዛኛው የምታዩት ነገር የጂኤስቲ ሊሆን ይችላል። ጂኤስቲ ከገዛችሁ ባዶውን ጂኤስቲ ለማነጻጸሪያ አብራችሁ እዘዙ። ያለሱ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

4. በደረቅ ዱቄት መልክ የሚገኝ ከሆነ እሱን ምረጡ። በተለይ አገር ቤት ለምትሠሩ። ፈሳሹ በደረቅ በረዶ ታሽጎ ነው የሚላከው፤ ጉምሩክ ላይ ጥቂት ቀን ከቆመ በረዶው ያልቃል። ዱቄቱ ግን እንዲህ ያለውን መዘግየት በጣም በተሻለ ይቋቋማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብልቃጡ ላይ "ለምርምር ብቻ" ተብሎ የተጻፈው የምር ነው። ኬራቲን የሚል ስም ስላለው ፀጉር ወይም ቆዳ ላይ የሚቀባ ነገር አይደለም። ከባክቴሪያ የመጣ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ለሰው ተብሎ አልተመረመረም። ማንም ሰው ላይ አትሞክሩት።

ደረጃ 2፦ ብልቃጡን ሳትነኩ ይህን አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብልቃጡ ተከፍቶ "ቲሴፑ የት ነው" ይባላል። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተደርድሮ ካላለቀ አትክፈቱ።

1. ከብልቃጡ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቡ። አራት ነገር ፈልጉ፦ ከምን ባፈር (ፒኤችን የሚያረጋ ፈሳሽ) እንደደረቀ፣ ስንት ማይክሮግራም እንደሆነ፣ ውስጡ ትሬሃሎዝ ወይም ሌላ መከላከያ መኖሩን፣ በምን እንዲሟሟ እንደሚመክሩ። የእነሱ ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ጋር ከተጋጨ የእነሱን ተከተሉ፤ ምን ውስጥ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

2. ፈቺውን በዕለቱ በጥብጡ። የኔ ምርጫ ቲሴፕ ነው። ዲቲቲ ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ይሞታል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 8.5 ላይ ከ1 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ ግማሹ ያልቃል። ፒኤች 7.5 ላይ 10 ሰዓት ያህል፣ 6.5 ላይ ደግሞ 40 ሰዓት ያህል ይቆያል። ባለፈው ወር በጥብጣችሁ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ዲቲቲ ምናልባት ውሃ ነው።

 - 0.5 ሞላር ቲሴፕ ለማዘጋጀት 143 ሚሊግራም የቲሴፕ ሃይድሮክሎራይድ በ1 ሚሊሊትር ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያ 0.6 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ አሟሙት።
 - ይህ ፈሳሽ ኃይለኛ አሲድ ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጥቂት በጥቂት ወደ ፒኤች 7 አምጡት፤ ከዚያ በውሃ 1 ሚሊሊትር ሙሉት። ይህን የዘለለ ሰው ፕሮቲኑን ሲያሟሟ ፒኤቹን ያወርድና ጉጉል ያያል፣ ከዚያ ቲሴፕን ይወቅሳል።
 - ፎስፌት ባፈር ውስጥ ቲሴፕ አይበረክትም። ትሪስ ወይም ሄፔስ ተጠቀሙ።
 - ዲቲቲ ብቻ ካላችሁ፦ 1 ሞላር ለማድረግ 154 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር። በትናንሹ ከፋፍላችሁ ማይነስ 20 ላይ አስቀምጡ፤ አንዱን አንዴ ብቻ ተጠቀሙ።

3. ንጹሕ ግሊሰሮል አዘጋጁ፣ በአውቶክሌቭ የተቀቀለ።

4. ፕሮቲን የማይጣበቅባቸው ቲዩቦችን አቅርቡ። ተራ ፕላስቲክ ላይ፣ በተለይ ፕሮቲኑ ሲቀጥን፣ ብዙው ግድግዳው ላይ ይቀራል።

5. ፀጉራችሁን ሸፍኑ። የምሬን ነው። እናንተ የምታጠኑት የሰው ፀጉር ፕሮቲን ነው፤ ራሳችሁ ላይ ያለውም የሰው ፀጉር ነው። አንዲት ፀጉር ቲዩብ ውስጥ ብትወድቅ ማስ ስፔክትሮሜትር (ፕሮቲንን በቁራጮቹ ክብደት የሚለይ መሣሪያ) ላይ እውነተኛ ኬራቲንና እውነተኛ ኬኤፒ ሆና ትወጣለች፤ ከገዛችሁት የምትለዩበት መንገድም ይጠባል። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ክንድን የሚሸፍን ጋውን። ጓንት አድርጋችሁ ግንባራችሁን ከነካችሁ ጓንቱን ቀይሩ።

ደረጃ 3፦ መክፈትና ማሟሟት

ለምሳሌ 50 ማይክሮግራም ዱቄት ያለበት ብልቃጥ እንውሰድ። መጨረሻ ላይ የምንፈልገው በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም ነው፣ ግማሹ ግሊሰሮል ሆኖ።

1. ብልቃጡን ከፍሪዘር አውጥታችሁ ሳትከፍቱ 20 ወይም 30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ አቆዩት። ቀዝቃዛ ብልቃጥ ሲከፈት የክፍሉ እርጥበት ውስጡ ይገባል።

2. በሴንትሪፊውጅ በ10,000 ጂ ለ30 ሰከንድ አዙሩት። 50 ማይክሮግራም ዱቄት በዓይን የማይታይ ስስ ነገር ነው። ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ክፍት ስታደርጉት ይበናል። ብልቃጡ ባዶ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ የተለመደ ነው።

3. 49.9 ማይክሮሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 0.1 ማይክሮሊትር ቲሴፕ አድርጉ ብል ማንም ፒፔት አይችለውም። ስለዚህ በተለየ ቲዩብ 1 ሚሊሊትር ውሃ ላይ 2 ማይክሮሊትር ከ0.5 ሞላሩ ቲሴፕ ጨምሩ። 1 ሚሊሞላር ሆነ ማለት ነው። ከእሱ 50 ማይክሮሊትር ወስዳችሁ ብልቃጡ ውስጥ ጨምሩ። አሁን በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም አላችሁ።

   ለምን ውሃ? ዱቄቱ የደረቀው ከነባፈሩ ስለሆነ ጨዉ እዚያው አለ። ሌላ ባፈር ስትጨምሩ ጨዉ ይደራረብና ፕሮቲኑ ሊወርድ ይችላል። ወረቀቱ ባፈር ጨምሩ ካለ ግን ጨምሩ።

4. ፈሳሹን በግድግዳው ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አንሸራትቱት። ክዳኑን ዝጉና ብልቃጡን በጣታችሁ እያዞራችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ቮርቴክስ አታድርጉ። በፒፔት ሽቅብ ቁልቁል አትንፉ። አረፋ ማለት አየር ነው፤ አየር ማለት ኦክስጅን ነው፤ ኦክስጅን ደግሞ ድኙን የሚያያይዘው ነገር ነው።

5. ብርሃን ፊት ይዛችሁ ተመልከቱት። እንደ ውሃ ጥርት ካለ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከደፈረሰ አትቀጥሉ። ሌላ 20 ደቂቃ በክፍል ሙቀት አቆዩት። አሁንም ደፍርሶ ከቆየ ቲሴፑን ወደ 5 ሚሊሞላር ከፍ አድርጋችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ይህም ካላጠራው ደረጃ 8 ላይ ያለውን ተመልከቱ። ምንም ቢሆን አታሙቁት።

ደረጃ 4፦ መከፋፈልና ማስቀመጥ

1. 50 ማይክሮሊትር ግሊሰሮል ጨምሩ። ግሊሰሮል እንደ ማር ነው፤ በፍጥነት ከሳባችሁት ግማሹ አየር ይሆናል። የቲፑን ጫፍ በንጹሕ መቀስ ትንሽ ቁረጡ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ከዚያ ቲዩቡን ደጋግማችሁ ገልብጡ፤ ከታች የሚንቀሳቀስ እንደ ክር ያለ ነገር እስኪጠፋ ድረስ አልተቀላቀለም።

2. አሁን 100 ማይክሮሊትር በሚሊሊትር 0.5 ሚሊግራም አላችሁ። በየቲዩቡ 10 ማይክሮሊትር አድርጉት። አሥር ይወጣል ብላችሁ አታስቡ፤ ዘጠኝ ነው የሚወጣው፣ የቀረው ግድግዳና ቲፕ ላይ ይቀራል። እያንዳንዱ 5 ማይክሮግራም ይዟል።

3. ቲዩቡ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ቲዩብ ውስጥ ያለ 10 ማይክሮሊትር ከላዩ የተቀመጠው ሁሉ አየር ነው። ናይትሮጅን ወይም አርጎን ጋዝ ካለ ከመዝጋታችሁ በፊት በላዩ ላይ በስሱ ንፉበት።

4. ጻፉበት፦ የፕሮቲኑ ስም፣ የሎት ቁጥር፣ መጠን፣ የትኛው ፈቺ ስንት እንዳለበት፣ ቀን። "ኬኤፒ" ብቻ ብላችሁ የጻፋችሁበት ቲዩብ ከስድስት ወር በኋላ የማንም አይደለም።

5. ማይነስ 80 ላይ አስቀምጡ፣ ከሌለ ማይነስ 20። ግማሹ ግሊሰሮል ስለሆነ ማይነስ 20 ላይ አይረጋም፣ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። አንዱን ስታወጡ 4 ዲግሪ ላይ እስከ አንድ ሳምንት ትጠቀሙበታላችሁ፤ ከዚያ ይጣል። መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። የፈሳሹ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ወደ 6 ወር፣ የዱቄቱ ወደ 12 ወር ነው የሚባለው፤ የሲስቴይን ብዛት ሲታሰብ ግን ፈሳሹን ያን ያህል ሳታቆዩ ብትጠቀሙበት ይሻላል።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ለምትሠሩ፦ ቲዩቦቹን በሁለት ፍሪዘር ከፍላችሁ አስቀምጡ። ከቲዩቦቹ አጠገብ ደግሞ በረዶ የሆነ ውሃ ያለበት ጠርሙስ አኑሩና በላዩ ላይ ሳንቲም አድርጉ። ሳንቲሙ ወደ ታች ሰጥሞ ካገኛችሁት ማንም ባይነግራችሁም ፍሪዘሩ ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

ግሊሰሮል የማይፈልግ ሙከራ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሕዋስ ላይ የሚጨመር፣ ግሊሰሮሉን ተዉት። ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በቅጽበት አቀዝቅዛችሁ በቀጥታ ማይነስ 80 አስገቡ። በሶዲየም ፎስፌት ባፈር ውስጥ ያለን ፕሮቲን ግን እንዲህ አታቀዝቅዙ፤ ሲቀዘቅዝ ፒኤቹ በጣም ይወርዳል።

አንድ በጣም የተለመደ ምክር አለ፤ "ፕሮቲኑ ከቀጠነ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ጨምርበት" ይላል። ለሌላ ፕሮቲን ጥሩ ነው። ለኬኤፒ ግን አልመክርም። ቢኤስኤ ራሱ 35 ሲስቴይን አለው፤ ፈቺ ባለበት ድልድዮቹ ይላላሉና ከኬኤፒው ጋር መያያዝ ይጀምራሉ። በምትኩ 0.01 በመቶ ትዊን-20 የሚባለውን ሳሙና መሰል ነገር ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ መጠን መለካት

የብልቃጡ ላይ ቁጥር መነሻ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ነገር ግን ስትለኩ በዘዴው እንዳትታለሉ።

1. ቢሲኤ የሚባለውን የመለኪያ ዘዴ ተጠንቀቁ። ቢሲኤ የሚሠራው ፕሮቲኑ መዳብን ሲቀይረው ነው። ሲስቴይንም ራሱ መዳቡን ይቀይረዋል፤ ታይሮሲንም እንዲሁ። ስለዚህ ኬኤፒ በቢሲኤ ሲለካ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፈቺውም በተራው ያበላሸዋል። ሁለት ስሕተት በአንድ ላይ ማለት ነው።

2. ብራድፎርድ የሚባለውን በቀለም የመለካት ዘዴ ተጠቀሙ፣ ግን በልኩ እመኑት። ቀለሙ የሚይዘው በተለይ አርጂኒን ነው፤ አርጂኒን ያነሰበት ኬኤፒ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይነበባል። ትዊን ካለበት ደግሞ ቀለሙ ይዛባል። ባዶ ማነጻጸሪያው ውስጥ ያው ባፈር ከነግሊሰሮሉ ከነፈቺው ይግባ።

3. በ280 ናኖሜትር መለካት የሚቻለው ቅደም ተከተሉ ውስጥ ትሪፕቶፋን ወይም ታይሮሲን ካለ ብቻ ነው። ቁጠሩ። እያንዳንዱ ትሪፕቶፋን 5,500፣ እያንዳንዱ ታይሮሲን 1,490 ይሰጣል። ሁለቱም ጥቂት ከሆኑ ይህን ዘዴ ተዉት። ዲቲቲም ሲያረጅ በ280 ላይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ፕሮቲን የሌለበት ባፈር ፕሮቲን ያለበት መስሎ ይታያል።

4. የሚሻለው ጄል ላይ ማነጻጸር ነው። መጠኑ የታወቀ ሌላ ትንሽ ፕሮቲን በ0.25፣ 0.5፣ 1 እና 2 ማይክሮግራም ጫኑና የኬኤፒውን መስመር ድምቀት ከእነሱ ጋር አወዳድሩ። ፍጹም አይደለም። ነገር ግን ምን ያህሉ ሙሉ እንደሆነና ምን ያህሉ እንደተያያዘ በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል።

ከአንዱ ሙከራ ወደ ሌላው ዘዴ አትቀያይሩ። በብራድፎርድ ከጀመራችሁ በብራድፎርድ ጨርሱ።

ደረጃ 6፦ ጄሉ

1. 15 በመቶ ጄል ወይም 16.5 በመቶ ትራይሲን ጄል ውሰዱ። በ10 በመቶ ጄል ላይ 10 ኪሎዳልተን ፕሮቲን ከቀለሙ ግንባር ጋር ሮጦ ይወጣል።

2. ከናሙናው 1 ማይክሮግራም ውሰዱ። ሁለት ቲዩብ አዘጋጁ፤ አንዱ ፈቺ ያለበት፣ አንዱ የሌለበት። ፈቺ ያለበት ውስጥ ዲቲቲ 100 ሚሊሞላር ይሁን። እዚህ ላይ አትስሱ፤ 10 ወይም 20 ለዚህ ፕሮቲን ላይበቃ ይችላል።

3. በ95 ዲግሪ 5 ደቂቃ አሙቁ። አዲስ አበባ ላይ ለምትሠሩ፦ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ ብትነክሩት 95 አይደርስም። ደረቅ የብረት ማሞቂያ ተጠቀሙ፤ ከሌለ የፈላው ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት። ክዳኑን በክሊፕ ያዙት፣ ይፈነዳል። ናሙናው ውስጥ ዩሪያ ካለ ግን ከ37 ዲግሪ በላይ አታሙቁ፤ ዩሪያው ሲሞቅ ፕሮቲኑ ላይ ይጣበቅና ክብደቱን ይቀይረዋል።

4. ፈቺ ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን አትጫኑ። ዲቲቲው በጄሉ ውስጥ ወደ ጎረቤቱ ይሰርጋል። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ባዶ ጉድጓድ ተዉ። ፈቺ የሌለበት ናሙና "ጥሩ" ሆኖ የወጣባቸው ብዙ ጄሎች በዚህ የተታለሉ ናቸው።

5. ጭረቱ ከቀጠለ ድኙን ዝጉት። ጄሉ ሲሮጥ ዲቲቲው ከፕሮቲኑ ስለሚለይ ድልድዩ በመንገድ ላይ እንደገና ይሠራል። እንዲህ አድርጉ፦
 - ናሙናውን በ20 ሚሊሞላር ዲቲቲ፣ ፒኤች 8 ላይ፣ 30 ደቂቃ አቆዩ።
 - አዮዶአሴታማይድ ወደ 100 ሚሊሞላር ጨምሩ። ከዲቲቲው ድኝ ሁለት እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ አንዱ ዲቲቲ ሁለት ድኝ እንዳለው አትርሱ።
 - በፎይል ሸፍናችሁ ጨለማ ውስጥ 30 ደቂቃ። ብርሃን ያበላሸዋል። መርዛማ ነውና በጓንት።
 - ከዚያ ወደ ጄል።

   ሲዘጋ እያንዳንዱ ሲስቴይን ላይ 57 ዳልተን ይጨመራል። 20 ሲስቴይን ያለው ፕሮቲን ከ1,100 ዳልተን በላይ ከበደ ማለት ነው፤ በ10 ኪሎዳልተን ላይ ይህ ጄሉ ላይ ሊታይ ይችላል። አትደንግጡ።

6. ጄሉ እንደወጣ በ40 በመቶ ሜታኖልና 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ 30 ደቂቃ ያዙት፤ ካልያዛችሁት ትንሽ ፕሮቲን በኩማሲው (በማቅለሚያው) ውስጥ ታጥቦ ይወጣል። ከ50 እስከ 70 ኪሎዳልተን መካከል ቀጭን መስመሮች በሁሉም ረድፍ ላይ ካያችሁ፣ ባዶው ረድፍም ላይ ካሉ፣ ያ የቆዳ ኬራቲን ነው። ከጓንት፣ ከባፈር ወይም ከአየር የገባ እንጂ ከብልቃጡ የመጣ አይደለም።

ብሎት የምታደርጉ ከሆነ፣ ማለትም ፕሮቲኑን ከጄሉ ወደ ሜምብሬን የምታስተላልፉ ከሆነ፣ የቀዳዳው ስፋት 0.2 ማይክሮሜትር የሆነ የፒቪዲኤፍ ሜምብሬን ተጠቀሙ። በ0.45 ላይ ትንሹ ፕሮቲን ሾልኮ ያልፋል። ከጀርባው ሁለተኛ ሜምብሬን አድርጉ፤ መስመሩ ሁለተኛው ላይ ከተገኘ የማስተላለፊያውን ጊዜ ቀንሱ። በኬኤፒ ፀረ እንግዳ አካል ብቻ አትደገፉ፤ የታጉንም ጨምሩ።

ደረጃ 7፦ ወደ ሙከራ ስትወስዱት

1. ፈቺውን ማውጣት ካስፈለጋችሁ በመጨረሻው ሰዓት አውጡት። ከኬራቲን ጋር መያያዙን የምትፈትኑ ከሆነ በመጀመሪያ ሁለቱን ፈቺ ባለበት ቀላቅሉ፣ ከዚያ አብራችሁ ዳያሊሲስ አድርጓቸው (ቀዳዳ ባለው ከረጢት ውስጥ ባፈር ውስጥ ነክራችሁ ፈቺው እንዲወጣ ማድረግ ነው)። ኬኤፒውን ለብቻው አጥባችሁ ነገ እቀላቅላለሁ ካላችሁ ነገ የምትቀላቅሉት ጉጉል ነው።

2. የዳያሊሲስ ከረጢቱ 3.5 ኪሎዳልተን ይሁን። 10 ኪሎዳልተን የሚለውን ከወሰዳችሁ ፕሮቲኑ ከውጭ ባለው ባፈር ውስጥ ነው የሚቀረው፤ እናንተም ባዶ ከረጢት ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

3. ባፈሩን በቫኪዩም አየሩን አውጡ፣ 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ጨምሩ። ኢዲቲኤው ድኙን ለማያያዝ የሚያፋጥኑትን ብረቶች ይይዛል። ፒኤቹን ሙከራው እስከፈቀደ ድረስ ወደ 7 ዝቅ አድርጉ።

4. ፕሮቲኑን በሂስ ታጉ በኒኬል ልትይዙት ከሆነ ግን ኢዲቲኤው ይውጣ፤ ኒኬሉን ከመያዣው ነቅሎ ይወስደዋል። ዲቲቲም ይውጣ፤ ኒኬሉን ያጠቁረዋል። ዝቅተኛ ቲሴፕ ወይም እስከ 10 ሚሊሞላር ቤታ-መርካፕቶኢታኖል ይቻላል። ሁለተኛው ይሸታል፣ ይመርዛልም፤ ጭስ ማውጫ ስር ብቻ ክፈቱት።

5. ሕዋስ ላይ የምትጨምሩት ከሆነ የኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ መርዝ) መጠኑን ከወረቀቱ ፈልጉ። ካልተጻፈ አልተለካም ብላችሁ ውሰዱት፤ ሕዋሱ የሚያሳየው ለውጥ ከኬኤፒው ይሁን ከባክቴሪያው ቅሪት አታውቁም። ፈቺው ብቻውን የተጨመረበት ማነጻጸሪያም የግድ ነው።

6. ለማስ ስፔክትሮሜትር ፕሮቲኑን ለመቆራረጥ ትሪፕሲን የተባለውን ኢንዛይም ብቻ አትጠቀሙ። ትሪፕሲን የሚቆርጠው ላይሲንና አርጂኒን ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ኬኤፒዎች ላይ እነዚህ ጥቂት ናቸው። ኪሞትሪፕሲን ጨምሩ። የታጉ ቁራጭ መገኘቱን ፈትሹ፤ የታግ ቁራጭ ከሌለ ያያችሁት የራሳችሁ ፀጉር ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

*ነጭ ጉጉል ወጣ።* ፈቺ ጨምሩ፣ ቲሴፕ እስከ 10 ሚሊሞላር፣ አንድ ሰዓት በክፍል ሙቀት። ከጠራ ድልድይ ነበር። ካልጠራ በ8 ሞላር ዩሪያ ሞክሩት፤ ዩሪያው በዕለቱ የተበጠበጠ ይሁን። ዩሪያ ውስጥ የሟሟ ፕሮቲን ለጄል ይሆናል፣ ለመያያዝ ሙከራ ግን አይሆንም። መልሳችሁ ወደ ቅርጹ ለማምጣት ጊዜ አታጥፉ፤ ሌላ ብልቃጥ ክፈቱ።

*ጭረት፣ ግን ከታች ትክክለኛው መስመር አለ።* በከፊል ተያይዟል። ዲቲቲው ትኩስ መሆኑን ፈትሹ፣ ድኙን ዝጉና ድገሙ።

*ምንም መስመር የለም።* በቅደም ተከተል ፈልጉት፦ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል? የጉድጓዱን ጠርዝ ተመልከቱ። ከጄሉ ሮጦ ወጥቷል? በአጭር ጊዜ ድገሙ። ታጥቦ ወጥቷል? አያያዙን አስተካክሉ። ከዚያ በኋላ ነው ብልቃጡን የምትጠረጥሩት።

*መስመሩ ከተጻፈው ክብደት በላይ ነው።* ታጉን ደምሩ። ከዚያም በኋላ ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለም፤ ሲስቴይን የበዛባቸው ፕሮቲኖች በኤስዲኤስ ጄል ላይ ከልካቸው ወጥተው መታየታቸው የተለመደ ነው። በትክክል ሁለት እጥፍ ከሆነ ግን ሁለቱ ተያይዘዋል፤ ፈቺውን አድሱ።

*ባለፈው ሳምንት ሠርቶ ዛሬ አልሠራም።* የወጣው ቲዩብ 4 ዲግሪ ላይ ስንት ቀን ቆየ? ከሳምንት ካለፈ ጣሉት፣ አዲስ አውጡ። አዲሱም ካልሠራ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ተመልከቱ።

*አዲስ ብልቃጥ፣ ሁሉን በትክክል አድርጋችሁ፣ አሁንም ጭረት።* አሁን ለአቅራቢው ጻፉ። የሎት ቁጥሩን፣ ብልቃጡ የደረሰበትን ቀንና ሲደርስ በረዶው መኖር አለመኖሩን፣ ፈቺ ያለበትና የሌለበት በአንድ ጄል ላይ የሚታዩበትን ፎቶ፣ የተጠቀማችሁበትን ፈቺና መጠኑን አያይዙ። የእነሱን ጄል ፎቶ ለዚያው ሎት ጠይቁ፤ ለሌላ ሎት የተነሳ ፎቶ ከላኩላችሁ አትቀበሉ። አንድ ያልተከፈተ ብልቃጥ ካላችሁ መልሱ እስኪመጣ ሳትነኩት ማይነስ 80 ላይ አቆዩት።